የወንድሜን ፎቶ ያደረጉ ሰዎች

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018

ድንኳኑ ዛሬ ተነሳ። ከሩቅ የሚመጡ ዘመዶች ስለነበሩ ስምንት ቀን ቆይቷል። የእድሩ ሰዎች አግዳሚዎቹን ጋሪ ላይ ጭነው ሲሄዱ ግቢው ሰፋ። ሣሩ ድንኳኑ በነበረበት ልክ ቢጫ ሆኗል።

ይህን ደብተር የገዛሁት ለኬሚስትሪ ነበር። በወረቀት ጻፍ ያለኝ ፈይሰል ነው። ፈይሰል የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ አባቱ መናኸሪያው አጠገብ የስልክ ጥገና ሱቅ አላቸው፣ እሱም ከትምህርት በኋላ እዚያ ይሠራል። "ስልክ ላይ የጻፍከው ያንተ ብቻ አይደለም። ወረቀት ግን ካልተሰረቀ ያንተ ነው" አለኝ።

ወንድሜ ደግነት ዓርብ መስከረም 30 ሞተ። ከጪጩ አለፍ ብሎ ያለው መታጠፊያ ላይ ሞተር ሳይክሉ ተንሸራቶ አይሱዙ ሥር ገባ። ዝናብ ነበር። ትራፊክ ፖሊሱ "መንገዱ አንሸራቶት" ብሎ ጻፈ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ይኸው ጻፍኩት።

ደግነት ቴሌግራም ላይ "የወንዛችን ውሃ" የሚል ቻናል ነበረው። ቡና ማጠቢያዎች እጣቢያቸውን በጉድጓድ ማጠራቀም ሲገባቸው ወንዝ ውስጥ ሲለቁት፣ ያየ ሰው በስልኩ ቀርጾ ይልክለታል። እሱ የላኪውን ስም ሳይጠቅስ ይለጥፋል። ውሃው ጠቁሮ፣ አረፋ ይዞ፣ ከብቶቹ አሽትተው ሳይጠጡ ሲመለሱ። ቪዲዮውን የምቆርጥለት እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ቻናሉ ላይ መለጠፍ የምንችለው ሁለታችን ነን። ነበርን።

በቀብሩ ማግስት ነጭ ሸሚዝ የለበሰበትን ፎቶ ለጠፍኩ። ከሥሩ "ደግነትን የምታውቁ ሁሉ ፕሮፋይላችሁን በእሱ ፎቶ ቀይሩ" ብዬ ጻፍኩ። ሰው ሲሞት ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ሻማ ያለበትን ጥቁር ፍሬም ፈይሰል ሠራልኝ። እስከ ዛሬ ስልሳ አንድ ሰው ቀይሯል፤ አንድ በአንድ ቆጥሬያቸዋለሁ። ግማሾቹን አላውቃቸውም። ስማቸው ነጥብ ወይም አበባ ብቻ ነው። ፊታቸው ግን የእሱ ፊት ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ትምህርት ቤት ገባሁ። የሒሳብ መምህሩ የቤት ሥራ አልጠየቀኝም። ስልሳ አራት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

የደግነት ስልክ እኔ ጋ ነው። መስታወቱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል እንጂ ይሠራል። ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። የቴሌግራም መግቢያ ቁጥር ነው፤ አምስት አሃዝ። ለማንም አትስጥ ይላል። እኔ አልጠየቅኩም። የሚጠይቀው ሰው ደግሞ የለም።

ለፈይሰል አሳየሁት።

"አንድ ሰው የሱን ቁጥር አስገብቶ ሊገባ ሞክሯል" አለ።

"ማን?"

"ሲላ፣ እኔ ነቢይ ነኝ እንዴ? ቁጥሩን የሚያውቅ ሁሉ ሊሞክር ይችላል። ተሳስቶ ያስገባም ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ..." በአገጩ ወደ ላይ ጠቆመ። ላይ ያለው የሱቁ ጣሪያ ነው። ግን ገባኝ።

"ወደዚህ የሚመጣውን መልእክት እነሱ ማየት ይችላሉ?"

"ይባላል። ይባላል ነው የምልህ። አባቴ ይህን ወሬ እዚህ እንዳታወሩ ብሎናል፤ ደንበኛ ይሸሻል።"

ሁለተኛ የይለፍ ቃል ጨመረልኝ። "የልደት ቀን እንዳታደርግ። የዲላ ሰው ሁሉ ስልኩን በልደት ቀን ነው የሚዘጋው" አለኝ። ያደረግኩትን ቃል እዚህም አልጽፈውም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ከቤተ ክርስቲያን የማጽናኛ ጸሎት ሊያደርጉልን መጡ። ሻይ ይዤ ስገባ በሩ አጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

"ሞተሩ ብቻ ነው ብለሽ ነው?"

"ዝም በይ፣ ልጁ መጣ።"

"ምን አልኩ? ሰው ሲል የሰማሁትን ነው።"

ሻዩን ሰጠኋቸው። ስኳር አንሷል አሉኝ። ስኳር አመጣሁላቸው።

አባቴ ወልደዮሐንስ የሚሠራው ዞን ነው፣ መዝገብ ቤት። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ "ቻናሉ አሁንም አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ" አለ።

"ማን ጠየቀህ አባዬ?"

"ሰዎች።"

"ምን አልካቸው?"

"ልጄን ቀብሬ መጣሁ አልኳቸው።" ከዚያ ጫማውን መጥረግ ጀመረ። ጫማው ንጹሕ ነበር።

ቻናሉን ልዝጋው ብዬ አሰብኩ። ከዘጋሁት ሰዎች ከፎቶው ሥር የጻፉት ሁሉ ይጠፋል። ዛሬ አልዘጋውም፣ ዳታ የለኝም።

ስልሳ ዘጠኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ ጥሩ ነገር አገኘሁ።

ፕሮፋይላቸውን የቀየሩትን ስቆጥር አንዱ ሌሎቹ ያደረጉትን ነጭ ሸሚዝ አላደረገም። ሌላ ፎቶ ነው። እኛ ቤት የለም፣ ስልኩም ላይ የለም። ደግነት የእጣቢ ጉድጓድ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ይስቃል። የተሸረፈው ጥርሱ ይታያል። እሱ ለፎቶ ሲቆም ሁልጊዜ አፉን ይዘጋ ነበር። እዚህ ላይ አልዘጋም።

ቦታውን ዐወቅሁት። አሪቻ ያለው ቡና ማጠቢያ ነው፤ ብዙዎቹ ቪዲዮዎች የመጡት ከዚያ ነው። ስሙን አልጽፍም። የተነሳው ከቤት ውስጥ ነው፤ በግራ በኩል የመስኮቱ እንጨት ገብቷል፣ ከላይ የሚዛን መንጠቆ ተንጠልጥሎ ይታያል።

ጥርሱን አጉልቼ አየሁት። ከዚያ ፎቶውን ቻናሉ ላይ ለጠፍኩት። "ይህን ላነሳው ሰው፦ አመሰግናለሁ። ሌላ ካለህ ላክልኝ" ብዬ ጻፍኩ። ዳታዬ እዚያ ላይ አለቀ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ካርድ ሞልቼ ስገባ ያ ሰው ፎቶውን ከፕሮፋይሉ ላይ አንስቶታል። መልእክት ልኮልኛል። "ሲላስ ነህ? ፎቶውን አጥፋው። እባክህ ቶሎ።" የተላከው እሑድ ነው። ሰኞ ካርድ መሙላት እችል ነበር። አልሞላሁም። ተኛሁ።

አጠፋሁት። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሰው አይቶታል።

ፈይሰል ዛሬ አልቀለደም።

"ከየት እንደተነሳ አይተሃል?"

"ከመስኮት።"

"የማን መስኮት?"

"ፎቶ እኮ ነው" አልኩት።

ጠመንጃ መፍቻውን አስቀመጠ። "ቪዲዮ ሲልኩ የነበሩት ሰዎች ስም እንዳይኖራቸው ነው አይደል ደግነት ያን ሁሉ ሲጠነቀቅ የነበረው? እኛ ምን አደረግን? የምታውቁት ሁሉ ፊቱን አድርጉ አልናቸው። ዝርዝር ነው የሠራንላቸው፣ ሲላ። ፍሬሙን ደግሞ እኔ።"

ከእንግዲህ አልቆጥርም።

ቆጠርኩ። ሃምሳ ሁለት። እየቀየሩ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ከአምልኮ ስንወጣ አንዲት ልጅ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከትምህርት ቤታችን ልጆች ትበልጣለች፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሹራቧ ንጹሕ ነው፣ ጥፍሯ ሥር ግን የእሸት ቡና ቀለም አለ።

"ሲላስ? ትንቢት እባላለሁ። አሪቻ፣ ሚዛን ቤት ነው የምሠራው።"

"ፎቶውን አንቺ ነሽ ያነሳሽው።"

"ድምፅህን ቀንስ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ጳጉሜን ሦስት። ቡና መግባት አልጀመረም ነበር፤ ሚዛኑን ልንወለውል ነው የገባነው። እሱ ጉድጓዱን ሊያይ መጣ፣ አዳለጠውና ሊገባ ሲል ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ።"

"ሚዛን ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?"

"ሁለት። እኔና አንድ ሽማግሌ። የሽማግሌው ስልክ ካሜራ የለውም።"

እሷ ናት የቀጠለችው።

"ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን አምጥቶ አሳየኝ። 'ይቺን መስኮት ታውቂያታለሽ?' አለኝ። 'መስኮት ሁሉ ይመሳሰላል' አልኩት። ሳቀና ሄደ። ምነው በጮኸብኝ።"

"ይቅርታ" ማለት ነበረብኝ። "እሺ" ነው ያልኩት።

"ስማኝ ወንድሜ። ቪዲዮ የላክሁለት ሁሉ ስልኩ ላይ አለ። ከኔ በኩል አጥፍቻለሁ። ከሁለታችንም እንዲጠፋ ማድረግ እችል ነበር፤ ድምፁ ስላለበት ሳትሰማው እንዳላጠፋብህ ብዬ ነው የተውኩት። ስማውና አጥፋው። ያ ስልክ ከተወሰደ አለቀልኝ።"

"እሺ።"

"ዛሬ።"

"ዛሬ።"

ትንሽ ሄዳ ተመለሰች። "ሻይ ሲጠጣ ስኳሩን ሳያማስል መጨረሻ ላይ በማንኪያ ይበላዋል። ቤትም እንደዚያ ነበር?"

"አዎ።"

"እሺ" አለችና ሄደች። ስኳሩን ለምን እንደጠየቀችኝ አልገባኝም። እማ "ማን ናት?" ስትለኝ "የመዘምራን ልጅ ናት" አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

አላጠፋሁም። ባትሪው ሃያ ብቻ ነበር።

የፊዚክስ ፈተናም አለ።

እውነቱን ልጻፍ፣ ወረቀት ነው። ባትሪው እሑድ ሙሉ ነበር። ከፈትኩት። ለእሷ የላከው ሠላሳ ስምንት የድምፅ መልእክት አለ። ለእኔ ድምፅ ልኮልኝ አያውቅም፤ አንድ ክፍል ነው የምንተኛው፣ ለምን ይልካል። የመጀመሪያውን ነካሁት። "ትንቢትዬ፣ ደረስሽ?" ይላል። ከኋላው ዶሮ ይጮኻል። የኛ ዶሮ ነው። ዘጋሁት።

ፈይሰል ድምፁን ብቻ ፍላሽ ላይ ላስቀምጥልህ አለኝ። ግን ስሟን ይጠራበታል፤ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ቪዲዮው የሚያወራበትም ይኖራል። ፍላሽም ይወሰዳል። እሱም ተወው።

ነገ አጠፋለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ። ቢሯቸው ውስጥ አንድ ሰውዬ ተቀምጧል። ስሙን አልነገረኝም፤ ከዞን ነው የመጣሁት ብቻ አለኝ። ጨዋ ነው። ተነስቶ ነፍስ ይማር አለኝ።

"ቻናሉን አሁን የምትይዘው አንተ ነህ?"

"አዎ።"

"የምንጠይቅህ ብዙ ነገር የለም፣ ልጄ። የድርጅት ግቢ ውስጥ ሳይፈቀድ ፎቶ ተነስቷል፣ ተሠራጭቷል። ማን እንዳነሳው ንገረንና ወደ ክፍልህ ግባ።"

"አላውቅም።"

"የወንድምህ ስልክ የት ነው?"

"ቤት።"

ምክትሉ መስኮቱን ያያሉ። ሰውዬው ፈገግ አለ። "ጥቅምት 12 ቀን የይለፍ ቃል ጨመራችሁበት። ጎበዞች ናችሁ" አለ።

ይህን ለማንም አልነገርኩም። ፈይሰል ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ። ፈይሰል አይናገርም። ወይም ሱቁ ውስጥ የቆመ ሰው ሰምቶ ይሆናል። ወይም ያው፣ ጣሪያው። አላውቅም።

"ሰኞ ስልኩን ይዘህ ከአባትህ ጋር ና" አለኝ። ወደ ክፍል ተመለስኩ። ባዮሎጂ ነበር። ሁሉንም ጻፍኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ከማላውቀው ቁጥር አጭር መልእክት መጣ። "ሔርሜላ እባላለሁ፣ የትንቢት እህት ነኝ። ከትናንት ጀምሮ ፖሊስ ጣቢያ ናት። ስልኳ ላይ ምንም አላገኙም። የያዟት በፎቶው ብቻ ነው። የወንድምህን ስልክ አጽድተሃል አይደል?"

አይደል።

ስድስት ቀን። ዛሬ ካለችኝ ስድስት ቀን ሆነ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

አባቴና እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ሠላሳ ስምንቱንም ሰማሁ። አርባ ደቂቃ አይሞላም። አብዛኛው ተራ ነገር ነው። ጎማ ስለመቅየር። ቪዲዮውን ስታነሺ እጅሽ ይንቀጠቀጣል እያለ። አንዱ ላይ "ሲላስ ኮሌጅ ሲገባ ለቤት እንነግራለን" ይላል። የሚነግሩን ምን እንደሆነ አይልም።

የመጨረሻው የመስከረም 30 ነው። "ጪጩ ነኝ፣ ዝናቡ ከብዷል። ልጠለል ወይስ ልምጣ?" ከሥሩ እሷ የጻፈችለት መልስ አለ። አንድ ቃል ናት። አልጽፋትም። ያቺን ቃል ማጥፋት አልከበደኝም።

ከዚያ ወደ ፈይሰል ሄድኩ። ሱቁ ለደንበኛ ዝግ ነው፣ በጓሮ አስገባኝ። መጀመሪያ ቻናሉን፣ ከዚያ አካውንቱን፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጠፋን። ፈይሰል እያንዳንዱ ላይ "እርግጠኛ ነህ?" ይላል፤ ስልኩም ያንኑ ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ አዎ አልኩ። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ቋንቋ ምረጥ አለኝ።

ፈይሰል አልቅሷል። እኔ እርቦኝ ነበር፤ ሳምቡሳ ገዝቼ በላሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ከአባቴ ጋር ሄድን። መንገድ ላይ ምንም አልነገርኩትም። ብነግረው ይከለክለኛል ብዬ ነው። እንጃ፣ አፌን መክፈት ስለሰለቸኝም ይሆናል።

ሰውዬው ስልኩን አብርቶ አየውና "ባዶ ነው" አለ።

"አደጋው ላይ ተበላሽቶ ነበር። አጠፋሁት።"

"መቼ?"

"ትናንት።"

አባቴ ዞሮ አየኝ። ሰውዬው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። "እንግዲያው ፎቶውን ማን እንዳነሳው እዚያ ያለችው ልጅ ትነግረናለች።"

"እኔ ነኝ ያነሳሁት።"

"አንተ?"

"ጳጉሜን ሦስት። ትምህርት ዝግ ነበር፣ ከወንድሜ ጋር ሄድኩ። ሚዛን ቤቱ ክፍት ነበር። ሠራተኞቹ ውሃ ሊቀዱ ወጥተው ነበር። በመስኮቱ አነሳሁት። በኋላ ፕሮፋይል አድርጉ ብዬ ለሰው ላክሁት።"

"አቶ ወልደዮሐንስ" አለ ሰውዬው፣ ወደ አባቴ ዞሮ። "እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነዎት። ልጅዎ ጳጉሜን ሦስት ቀን የት ነበር?"

ጳጉሜን ሦስት ቀን እኔና አባቴ ወርቃ ያለው አጎቴ ቤት ነበርን። የቡናውን ጥላ ዛፍ ስንገርዝ ዋልን፤ አባቴ እጁን ቆርጦት በመሐረቡ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። አባቴ አይዋሽም። በስልክ "መንገድ ላይ ነኝ" እንኳ ቤት ተቀምጦ ብሎ አያውቅም።

እጁን አየ። ጠባሳው አሁንም አለ።

"ከወንድሙ ጋር ነበር" አለ።

ሰውዬው ሁለታችንንም አየን። ያመነን አይመስለኝም። ግን የሚጻፍ ነገር አገኘ፣ ጻፈ። ከእንግዲህ ቻናል አልከፍትም ብዬ ፈረምኩ። አባቴ ተያዥ ሆኖ ፈረመ። ስልኩን መለሱልን።

ስንወጣ ከአባቴ ጋር አስፋልቱን ተሻገርን። ከዚያ "ልጅቷ ማን ናት?" አለኝ።

"ደግነት የሚያውቃት ናት።"

"ጥሩ ልጅ ናት?"

"ለእኛ ልትነግረን ነበር" አልኩት። ምን እንደምትነግረን አልጠየቀኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ሔርሜላ ጻፈችልኝ። ትናንት ተፈትታለች። ከሚዛን ቤት አውጥተው ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ለቀማ ላይ መድበዋታል። "ደኅና ናት። እንዳትደውልላት" ይላል።

በማታው የጸሎት ፕሮግራም አባቴ ጸሎት እንዲመራ ሲጠራ ሌላ ሰው ይምራ ብሎ እንደቀረ ጎረቤታችን ኤልቤቴል ለእማ ስትነግራት ሰማሁ። የቱ ማታ እንደሆነ አልሰማሁም። ከሰኞ በፊት ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ፈተና ተመለሰልን። ፊዚክስ ሠላሳ አንድ ከአርባ።

ከትምህርት ስመለስ እማ በረንዳው ላይ ጎመን ትቆርጣለች። ቀና ሳትል ጠራችኝ።

"ሲላስ። ዛሬ በመናኸሪያ ሳልፍ ፈይሰልን አገኘሁት። ሰው ሲሞት ድምፁ ስልክ ላይ ይቀራል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።"

"ምን አለሽ?"

"ሲላስን ይጠይቁት አለኝ። ፊቱን አዞረብኝ፣ ምን እንደሆነ እንጃ።" ቢላዋውን አስቀመጠች። "ፊቱን በፎቶ አየዋለሁ። ድምፁን ግን ሌሊት ለማስታወስ ስሞክር ያንተ ይመጣብኛል። አለ አይደል? ስልኩ ላይ?"

"አለ" አልኩ።

"ብዙ ነው?"

"ሠላሳ ስምንት።"

"ሠላሳ ስምንት!" አለች። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚህ ስትል ሰምቼ አላውቅም። "አሁን እንዳታሰማኝ። አሁን አልችልም። ለገና ታሰማኛለህ፣ ለእኔና ለአባትህ።"

"እሺ እማ።"

"ባትሪው እንዳይሞትብህ ብቻ።"

ገባሁና ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካሁት።